የሰማይ ጉብኝት በፍላቂት፤ ስለ ቴሌስኮፕ ፕሮግራም አጭር ሂስ

በኮምፒዩተር የሚታዘዝ ቴሌስኮፕ ለሚገዛ ሰው ሠሪዎቹ አብረው የሚሰጡት «የሰማይ ጉብኝት» የሚባል ፕሮግራም አለ። ተመልካቹ ቁልፍ ሲጫን መሣሪያው ራሱ ወደ ተመረጠው ኮከብ ይዞራል፤ በትንሿ መስኮት ላይም አጭር መግለጫ ያልፋል። እኛ የምንመረምረው መሣሪያውን ሳይሆን የሚናገረውን ነው። ጉብኝት ማለት መርጦ፣ በተራ አሰልፎ፣ ቃል ጨምሮ ማሳየት ስለሆነ እንደ ማንኛውም ድርሰት ሊመዘን ይገባዋል። ጥያቄያችንም ይህ ነው፤ ከወልድያ ወደ ደብረ ታቦር በሚወስደው መንገድ ላይ ባለችው በፍላቂት ቆሞ ሰማይን ለሚመለከት ሰው ይህ ድርሰት ምን ያህል ይጠቅመዋል?

ሚድ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ያወጣውን አውቶስታር የተባለ የእጅ መቆጣጠሪያ ለምሳሌ እንውሰድ። በውስጡ ካሉት ጉብኝቶች አንዱ የኮከብን ሕይወት፣ ሌላው የርቀትን መጠን ለማስረዳት የተዘጋጀ ነው። እነዚህ ሊመሰገኑ ይገባል፤ ምክንያቱም ተራቸው አሳብ አለው፤ አንዱን ያየ ሰው ቀጥሎ የሚመጣው ለምን እንደ መጣ ያውቃል። የምሽቱን ምርጦች የሚያሳየው ግን ዝርዝር እንጂ ትምህርት አይደለም። ኩባንያው አንድ በጎ ነገር አድርጓል፤ ይኸውም ማንኛውም ሰው ርእስ፣ የኮከብ ስም ወይም ቍጥርና ጥቂት ዐረፍተ ነገር በተራ ጽፎ የራሱን ጉብኝት እንዲያስገባ መንገዱን ክፍት አድርጎ ነበር።

ዋናው ጕድለት ከምርጫው ላይ ነው። ብዙዎቹ ጉብኝቶች የሚመረኰዙት ፈረንሳዊው ሻርል ሜስዬ በ18ኛው መቶ ዓመት ባዘጋጀው መዝገብ ነው። ሜስዬ ይመለከት የነበረው ከፓሪስ፣ ማለት ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 49 ዲግሪ ላይ ሆኖ ስለ ነበረ፣ መዝገቡ ከሰማይ ወገብ በስተ ደቡብ 35 ዲግሪ ያህል ሲደርስ ይቆማል። ፍላቂት ግን የምትገኘው ከ12 ዲግሪ ጥቂት ባነሰ ላይ ነውና ሰማይዋ በደቡብ እስከ 78 ዲግሪ ይዘልቃል። በዚህ በተተወው ክፍል ውስጥ ካኖፐስ የተባለው ደማቅ ኮከብ፣ የደቡብ መስቀል፣ እንዲሁም ኦሜጋ ሴንታውሪ የተባለው ታላቅ የከዋክብት ክምችት ይገኛሉ። ከለንደን ሆኖ እነዚህን ማየት ከቶ አይቻልም፤ በፍላቂት ግን ኦሜጋ ሴንታውሪ ከአድማስ 30 ዲግሪ ያህል ከፍ ይላል።

ሁለተኛው ጕድለት ከቃሉ ላይ ነው። ለሰሜን አገሮች የተጻፈ መግለጫ ሰባቱን ከዋክብት ለማየት ወደ ደቡብ ዙሩ ይላል። በእኛ አገር ግን እነዚህ ከዋክብት ከአናታችን በስተ ሰሜን ያልፋሉ። በሰኔ ቀትር ጥላው ወደ ደቡብ ሲወድቅ ለሚያይ ገበሬ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም፤ መግለጫውን ለጻፈው ሰው ግን እንግዳ ነው። እንደዚሁም የሰሜን ሰዎች በሙቀቱ ወራት፣ በሐምሌና በነሐሴ፣ የሚያደርጉት ጉብኝት ለላስታ አይሆንም፤ ያን ጊዜ ክረምቱ ሰማዩን ዘግቶታል።

ሦስተኛው የሰዓት ነገር ነው። መሣሪያው ሲከፈት ቀንና ሰዓት ይጠይቃል። የፍላቂት ተማሪ ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ ሆኖ 3 ብሎ ቢያስገባ፣ መሣሪያው ከሌሊቱ 9 ሰዓት እንደ ሆነ አድርጎ ይቀበለዋል። የስድስት ሰዓት ስሕተት ሰማዩን 90 ዲግሪ፣ ማለት የክብ ሩብ ያዞረዋል። ዓመቱን ብቻ በእኛ አቆጣጠር ቢያስገባ ደግሞ ከዋክብቱ ብዙም አይናወጡም፤ ጨረቃና ፕላኔቶች ግን ከሌሉበት ቦታ ይፈለጋሉ።

ምናልባት አንዳንድ ሰዎች «መሣሪያው ቦታው ከተነገረው የወጣውንና የጠለቀውን ራሱ አስልቶ ይለይ የለምን?» ይሉን ይሆናል። እውነት ነው፤ ይለያል። ነገር ግን የወጣውን ማወቅ አንድ ነገር ነው፤ ከወጣው መካከል ሊታይ የሚገባውን መምረጥ ሌላ ነው። የመጀመሪያውን ስሌት ይሠራዋል፤ ሁለተኛውን ሰው ካልሠራው የሚሠራው የለም።

ስለዚህ ለፍላቂት የሚሆን ጉብኝት በጥር አጋማሽ ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ እንዲጀምር አሳብ እናቀርባለን። መጀመሪያ በሰሜን ዝቅ ብሎ የሚታየው የሰሜን ኮከብ ይታይ፤ ከፍታው 12 ዲግሪ ያህል መሆኑ ተመልካቹ በምድር ላይ የት እንደ ቆመ ያስተምረዋልና። ቀጥሎ ሰባቱ ከዋክብት፣ ከዚያም ኦሪዮንና በውስጡ ያለው ኔቡላ ይምጡ፤ ድብ፣ ኦሪዮንና ሰባቱ ከዋክብት በአማርኛው መጽሐፈ ኢዮብ ስማቸው ስለ ተጠራ ለሕዝቡ አዲስ አይሆኑም። መጨረሻው በደቡብ የሚያበራው ካኖፐስ ይሁን። የደቡብ መስቀልና ኦሜጋ ሴንታውሪ ለግንቦት ምሽት ይቆዩ። የአውቶስታር መስኮት በሁለት መስመር 16፣ 16 የላቲን ፊደል ብቻ ስለሚይዝ፣ መግለጫው በአማርኛ በወረቀት ተጽፎ ከቴሌስኮፑ አጠገብ የቆመ ሰው ያንብበው።

ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. ጧት ጨረቃ የፀሐይን መካከል ሸፍና ቀለበት ስታስመስላት ላሊበላ በጥላው መንገድ ላይ ነበረች። ቦታው ያልተነገረለት የግርዶሽ ትንቢት ዋጋ እንደሌለው ያን ጊዜ ሁሉም ተረድቶታል። የሰማይ ጉብኝትም እንዲሁ ነው። የላሊበላ አካባቢ ተራሮች ለትልቅ ቴሌስኮፕ ቦታነት ሲጠኑ ቆይተዋል፤ ነገር ግን የላስታና የመቄት ልጅ ለመጀመሪያ ጊዜ በመስተዋት ሲመለከት የሌላውን አገር ሰማይ ብቻ ካሳየነው፣ ሥነ ፈለክ የሌላ ሰው ዕውቀት ነው ብሎ ይመለሳል። ይህን ማረም ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ጥቂት መስመር ጽፎ በጥር አንድ ምሽት ወጥቶ መሞከር ይበቃል።