ስለ አዲስ ሥዕልና ስለ በኵር ድርሰት

ቅኔ ቤት የገባ ተማሪ ግሱንና አገባቡን ከለየ በኋላ አስቀድሞ የሚቈጥረው ሁለት ቤት ያላትን ጉባኤ ቃናን ነው። ከጓደኞቹ ተለይቶ ከዛፍ ሥር ወይም ከወንዝ ዳር ተቀምጦ ሲያወጣና ሲያወርድ ይቈይና ከመምህሩ ፊት ቀርቦ ያሰማል። መምህሩም ሰምቶ ቤቱ የጐደለውን ይሞላል፥ ምሥጢሩ የተፋለሰውን ያቀናል፥ የቀናውን ግን «ይበል» ይለዋል። በዚህ ጉባኤ ሁለት ነገር ነውር ነው፤ ይኸውም አንዱ የሌላውን ቅኔ የራስ አስመስሎ ማቅረብ ነው፤ ሁለተኛውም ሳያዳምጡ መፍረድ ነው። ትናንት የተባለው ቅኔ ምንም ቢያምር ለዛሬ አይሆንምና ተማሪው ሁልጊዜ አዲስ ነገር ይዞ መምጣት አለበት። ነገር ግን አዲስ ስለ ሆነ ብቻ አይመሰገንም፤ ምሥጢሩ ይመረመራል እንጂ።

ይህ ሥርዓት ዛሬ በየአዳራሹ ስለሚታየው አዲስ ሥዕልና ስለ ጀማሪዎች ደራሲዎች መጽሐፍ ፍርድ ለመስጠት የሚጠቅም ሚዛን ነው፤ በዚህ ነገር ሁለት ወገን ተሳስቷልና። አንደኛው ወገን በአባቶች ሥዕልና በአባቶች ድርሰት ያደገ ነው፤ ከአዲሱ ሸራ ፊት ቆሞ «ይህ ምንድር ነው? እጁስ የማን ነው?» ይልና ፊቱን ይመልሳል። ሁለተኛው ወገን ደግሞ ሥራው በአውሮፓ አዳራሽ መሰቀሉን፥ ደራሲውም ሽልማት መቀበሉን በሰማ ጊዜ ሳያይና ሳያነብ ያወድሳል። የፊተኛው ያለ ምርመራ ይነቅፋል፥ የኋለኛውም ያለ ምርመራ ያመሰግናል፤ ሁለቱም ግን አላዳመጡም።

ሰምና ወርቅ የተባለው የቅኔ ስም የመጣው ከአንጥረኛ ሥራ ነው። አንጥረኛ አስቀድሞ በሰም ቅርጹን ያበጃል፥ በላዩም ጭቃ ይመርግበታል፤ በእሳት ሲያሞቀው ሰሙ ቀልጦ ይወጣል፥ ወርቁም ሰሙ በተወው ቦታ ይገባል። ሰሙ ካልተበጀ ወርቁ መልክ አያገኝም፤ ወርቁ ካልገባ ደግሞ የሚቀረው ባዶ ጭቃ ነው። ስለዚህ ከአዲስ ሥራ የሚጠየቀው ጥያቄ ሁለት ነው። ሰሙ፥ ማለት የእጁ ሥራ፥ በትምህርትና በድካም የተበጀ ነውን? ወርቁስ፥ ማለት ነገሩ፥ መልኩ ሲያልፍ የሚቀር ክብደት አለውን?

አዲሱ ሥዕል እንዲያው ከባሕር ማዶ ብቻ የመጣ ለሚመስላቸው ሰዎች ታሪኩ ሌላ ነገር ይነግራቸዋል። በአዲስ አበባ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤትን በ1950 ዓ.ም. ያቋቋሙት አለ ፈለገ ሰላም ከቤተ ክርስቲያን ሠዓሊዎች ቤተ ሰብ የተወለዱ ናቸው፤ በአሜሪካ በቺካጎ ከተማም ተምረው ተመልሰዋል። ዛሬ ትምህርት ቤቱ በአዲስ አበባ ዩኒቨርስቲ ሥር ሆኖ በስማቸው ይጠራል። እንግዲህ አዲሱ መንገድ ከአሮጌው ደጃፍ የተነሣ ነው። በዚህ ጽሑፍ ሥራቸው የሚመረመረው ሁለቱ ሠዓሊዎች፥ ተስፋዬ ኡርጌሳና ኤልያስ ስሜ፥ ሁለቱም ከዚህ ትምህርት ቤት የወጡ ናቸው።

በኢጣልያ አገር በቬኒስ ከተማ መንግሥታት በየሁለት ዓመቱ የሠዓሊዎቻቸውን ሥራ የሚያቀርቡበት ታላቅ ዐውደ ርእይ አለ። ኢትዮጵያ በዚህ ዐውደ ርእይ በራሷ አዳራሽ ለመጀመሪያ ጊዜ የቀረበችው በ2016 ዓ.ም. (በአውሮፓ አቈጣጠር በ2024) ነው። በዚያም የቀረበው የአቶ ተስፋዬ ኡርጌሳ ሥራ ነበር። እኒህ ሠዓሊ በአዲስ አበባ ከተማሩ በኋላ ወደ ጀርመን አገር ሄደው በሽቱትጋርት ከተማ ተምረዋል፥ በዚያም አገር ብዙ ዘመን ተቀምጠዋል። በሸራቸው ላይ የሚታዩት ሰዎች በጠባብ ክፍል የታጨቁ ናቸው። ሥጋቸው የተላጠ ያህል ቀላና ግራጫ ነው፤ አንዱ እግር የየትኛው ሰው እንደ ሆነ ተመልካቹ እስኪፈልግ ድረስ አካላቸው እርስ በርሱ የተጠላለፈ ነው። በዙሪያቸውም እንደ መጽሐፍ፥ እንደ ጫማና እንደ ጠረጴዛ ያለ የዕለት ዕቃ ይታያል። ብዙዎቹም ወደ ተመልካቹ ቀጥ ብለው ይመለከታሉ።

በአባቶች ሥዕል ጻድቅ በሁለት ዐይን፥ ኀጥእ ግን በአንድ ዐይን እንደሚሣል ያልተማረ ሰው እንኳ ያውቀዋል። ይህን ሕግ የሚያውቅ ሰው ከአቶ ተስፋዬ ሸራ ፊት ሲቆም ጥያቄ ይነሣበታል። እነዚህ በባዕድ አገር ክፍል የታጨቁ፥ ስማቸውን ማንም የማይጠይቃቸው ሰዎች በየትኛው ዐይን ሊታዩ ይገባቸዋል? ሠዓሊው ሁለት ዐይን በሰጧቸው ጊዜ ተመልካቹን ወደ ፍርድ ያቀርቡታል። በዚህ ሥዕል ላይ ከካህናትም ሆነ ከሌሎች አንጋፋዎች የሚነሣው ነቀፋ ስለ ዕራቁትነቱ ነው። ነቀፋው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ነገር ግን ዕራቁትነት ሁሉ አንድ አይደለም። ለደስታ የሚገለጥ ሥጋ አለ፤ ወንበዴዎች ገፈውት በመንገድ ዳር የወደቀ ሰው ሥጋም አለ። የአቶ ተስፋዬ ሰዎች ከሁለተኛው ወገን ናቸው፤ ያያቸው ሰው የሚመኘው ልብስ ሊደርብላቸው ነውና። ጉድለቱ ከተጠየቀ ግን ጉድለት አለ። በብዙዎቹ ሸራዎች ፊቶቹ እርስ በርስ ይመሳሰላሉ፤ ስለዚህ የአንዱ ሰው ኀዘን ከሌላው ኀዘን ሳይለይ ይቀራል። ስም ያጡ ሰዎችን የሚሥል እጅ ለእያንዳንዱ የራሱን ፊት ቢሰጠው ክሱ ይበልጥ በጸና ነበር።

የአቶ ኤልያስ ስሜ ሥራ ሌላ ዓይነት ነው። እርሳቸው በብሩሽና በቀለም ፈንታ የተጣለ የኤሌክትሪክ ሽቦ፥ የአሮጌ ኮምፒዩተር ሰሌዳና የፊደል መምቻ ቍልፍ ከመርካቶ እየሰበሰቡ በእንጨት ገበታ ላይ ይደረድራሉ፥ ሽቦውንም እንደ ሹሩባ ይጐነጕናሉ። ከሩቅ ያየው ሰው ከተራራ ራስ ላይ የሚታይ እርሻና ወንዝ ይመስለዋል፤ ቀርቦ ሲያየው ግን ሽቦ ነው። በቅኔ አንድ ቃል ሁለት ምሥጢር ሲይዝ ኅብር ይባላል፤ ይህም በሽቦ የተቈጠረ ኅብር ነው። ምሥጢሩም ሩቅ አይደለም። ሰዎች በእነዚህ ሽቦዎች ይነጋገሩ ነበር፤ ዕቃው አርጅቶ ሲጣል ግን ከአንዱ አገር ወደ ሌላው አገር ሄዶ የድኻ ገበያ ይሞላል። ተመልካቹ ያማረ መሬት አየሁ ሲል የዓለምን ጥራጊ እያየ ነው።

በዚህ ሥራ ትዕግሥቱ ራሱ ትምህርት ነው፤ አንዱ ገበታ ብዙ ወራት፥ አንዳንዱም ዓመታት ይፈጃልና። ከወይዘሮ መስከረም አሰግድ ጋራ ሆነው ያሠሩት፥ በ2011 ዓ.ም. የተከፈተው ዞማ ቤተ መዘክርም በጭቃና በጭድ ግንብ መሠራቱ ከዚህ ሐሳብ ጋራ ይስማማል፤ የተናቀው ነገር በሚያውቅ እጅ ክብር ያገኛልና። የሚያሠጋው አንድ ነገር ነው። የገበታው ስፋትና የጕንጕኑ ብዛት ዐይንን ስለሚያስደስት፥ ተመልካቹ «እንዴት ተሠራ?» ብሎ ተደንቆ «ለምን ተሠራ?» ሳይል ሊሄድ ይችላል። ሰሙ እጅግ ሲያምር ወርቁን የሚያስረሳበት ጊዜ አለ።

ከሸራ ወደ መጽሐፍ ሲመለሱ ሁለት የበኵር ድርሰቶች ለዚህ ሚዛን ይቀርባሉ። ሁለቱም በአዲስ አበባ ተወልደው በሕፃንነታቸው ከአገር በወጡ ደራሲዎች በእንግሊዝኛ የተጻፉ ናቸው። የፊተኛው ዲናው መንግሥቱ በአውሮፓ አቈጣጠር በ2007 ያወጡት ነው፤ ስሙም ወደ አማርኛ ሲመለስ «ሰማይ የሚሸከማቸው ውብ ነገሮች» ማለት ነው። በዚያው ዓመት ለበኵር መጽሐፍ የሚሰጠውን የጋርዲያን ጋዜጣ ሽልማት አግኝቷል። ባለ ታሪኩ ስጢፋኖስ አብዮቱን ሸሽቶ በዋሽንግተን ከተማ በድኻ ሰፈር ትንሽ ሱቅ የከፈተ ኢትዮጵያዊ ነው። ሁለት ወዳጆች አሉት፤ አንዱ የኬንያ፥ አንዱ የኮንጎ ሰው ነው። ሦስቱ በተገናኙ ጊዜ የሚጫወቱት አንድ ጨዋታ አለ፤ አንዱ የአንድ አፍሪካዊ አምባገነን ስም ይጠራል፥ ሌሎቹም አገሩንና ሥልጣን የያዘበትን ዓመት ይናገራሉ። ይስቃሉም።

የዚህ መጽሐፍ ጥበብ በዚያ ሳቅ ውስጥ ነው። ሰሙ ጨዋታ ነው፥ ወርቁ ልቅሶ ነው፤ ሦስቱም ከቤታቸው ያስወጣቸውን ነገር በጨዋታ ስም እየቈጠሩ ነውና። ደራሲው ልቅሶውን ራሱን በግልጥ ቢጽፉት ኖሮ አንባቢ ያዝንና ይረሳው ነበር። ነገር ግን በሱቁ ጐረቤት የምትኖረው ሴት ታሪክ እንደዚህ አልጸናም። እርስዋ ለባለ ታሪኩ ተስፋ መሆንዋና መጥፋትዋ ይታያል እንጂ የራስዋ ነፍስ በሚገባ አይታወቅም።

ሁለተኛው መጽሐፍ መዓዛ መንግሥቴ በ2010 በአውሮፓ አቈጣጠር ያወጡት ነው፤ ስሙም «ከአንበሳው ዐይን በታች» እንደ ማለት ነው። ታሪኩ በ1966 ዓ.ም. አብዮት ሲነሣ ይጀምራል። ኃይሉ የተባለ ሐኪም ሚስቱ በሞት አፋፍ ላይ ሳለች አገሩም ስትናወጥ ያያል፤ ሁለቱ ልጆቹም በሁለት መንገድ ይሄዳሉ። ከዚያም ወታደሮች በግርፋት የቈሰለች አንዲት ልጃገረድ አምጥተው እንዲያድናት ያዝዙታል፤ የምትድነው ግን እንደ ገና እንድትመረመር ነው። ሐኪሙም ወደዚያ ሥቃይ እንዳትመለስ በእጁ መርዝ ይሰጣታል።

ካህን አንባቢ በዚህ ቦታ መጽሐፉን ይዘጋ ይሆናል፤ ነፍስ ማጥፋት በምሕረት ስም ቢሆንም ነፍስ ማጥፋት ነውና። ነገር ግን ደራሲዋ ሥራውን አላጸደቁትም። ሐኪሙ ለዚያ ሥራው ዋጋ ይከፍላል፥ ይታሰራል፥ ቤተ ሰቡም ይናጋል። መጽሐፉ የሚጠይቀው «ደግ ሰው በክፉ አገዛዝ ውስጥ ንጹሕ እጅ ይዞ መቅረት ይችላልን?» ብሎ ነው፤ መልሱንም ለአንባቢው ይተዋል። ይህ ለአንድ የበኵር ሥራ ከባድ ወርቅ ነው። ጉድለቱ የጀማሪ ጉድለት ነው፤ የአገሩን መከራ ሁሉ በአንድ መጽሐፍ ለመሸከም ስለ ተነሣ፥ አንዳንዱ ሰው ሳይታወቅ መጥቶ ሳይታወቅ ይሄዳል። ጉባኤ ቃናን ሳያደላድል መወድስ የሞከረ ተማሪን ይመስላል። ሆኖም እንደዚህ ያለውን ተማሪ መምህር አያባርረውም፤ ያቃናዋል እንጂ። ደራሲዋ በ2019 ያወጡት ሁለተኛ መጽሐፍ በ2020 ለእንግሊዝ አገር ታላቅ የቡከር ሽልማት ከተመረጡት ከመጨረሻዎቹ ስድስት መጻሕፍት አንዱ ሆኗል።

በባዕድ ቋንቋ የተጻፈው ነገር የእኛ ይባላልን የሚል ጥያቄ ይነሣል። ለዚህ መልሱ በቅኔ ቤት ይገኛል። ተማሪው በአማርኛ እያሰበ በግእዝ ይቈጥራል፤ ስለዚህ ግን ምሥጢሩ የእርሱ አይደለም ያለ ሰው የለም። የውሰት ሰም የገዛ ወርቅን ሊይዝ ይችላል። ነገር ግን ዕዳው አይቀርም። ግእዝ የማያውቅ ምእመን የቅኔውን ምሥጢር የሚያስረዳው ሰው እንደሚፈልግ፥ የእነዚህ ደራሲዎች አገር ሰውም ተርጓሚ ይፈልጋል። ታሪኩ የተፈጸመበት ሕዝብ ታሪኩን በቋንቋው ሊያነብ ይገባዋልና፥ ሁለቱን ቋንቋ የተማሩ የከተማ ሰዎች ሥራ ይህ ነው።

መዘግየት ምን እንደሚያስቀር የሚያሳይ አንድ ምሳሌ አለ። ገብረ ክርስቶስ ደስታ በሐረር ተወለዱ፤ አባታቸው አለቃ ደስታ የቤተ ክርስቲያን ሰውና የብራና መጻሕፍት ባለ ሙያ ነበሩ። ልጁ በጀርመን አገር በኮሎኝ ተምረው ተመለሱ፥ በሥነ ጥበብ ትምህርት ቤትም አስተማሩ፤ ጎልጎታን እንኳ በአዲሱ መንገድ ሣሉ። በዘመናቸው «ይህ ሥዕል ባዕድ ነው» ያሏቸው ብዙዎች ነበሩ። እርሳቸው ሠዓሊ ብቻ ሳይሆኑ ባለ ቅኔም ነበሩ። በ1981 በአውሮፓ አቈጣጠር በስደት በአሜሪካ ዐረፉ። ግጥሞቻቸው «መንገድ ስጡኝ ሰፊ» ተብለው በአንድ መጽሐፍ ተሰብስበው የታተሙት በ1998 ዓ.ም. ነው፤ ይኸውም ከሞቱ ከሃያ አራት ዓመት በላይ ቈይቶ ነው። ዛሬ በአዲስ አበባ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ቤተ መዘክር በስማቸው ይጠራል። ክብሩ መጥቷል፤ ባለ ቤቱ ግን መጽሐፉን በእጁ አልያዘውም።

ስለዚህ ሊቃውንትና ትምህርት ያላቸው ሰዎች ከአዲስ ሸራ ፊት ሲቆሙ፥ የጀማሪም መጽሐፍ ሲቀርብላቸው፥ አስቀድመው ያዳምጡ፤ ከዚያ በኋላ የጐደለውን በስሙ ይጥሩ፥ የቀናውንም አይደብቁ። ወጣቶቹም ግስ ሳያውቁ ቅኔ፥ መሥመር ሳይማሩ ሥዕል፥ ሳያነቡም ድርሰት እንደማይቀና ይወቁ፤ ነቀፋንም እንደ ጥላቻ አይቍጠሩት። በቅኔ ቤት መምህር የሚያርመው ነገ መምህር ይሆናል ብሎ ተስፋ ያደረገበትን ተማሪ ነውና።