አባባ ተስፋዬና የቀልድ ጨዋነት

በሐይቅና በአምባሰል የምትገኙ ወጣቶች ሆይ፤ የገጠሩን ሰው አነጋገር አጣሞ ማሳቅ እጅግ ቀላል ሥራ መሆኑን ልብ በሉ። ባላገሩ ይዋረዳል፤ ተመልካቹም ያጨበጭባል። የተስፋዬ ሣህሉ ጨዋታ ግን ሌላ ነው። ሴት ተዋንያን ባልነበሩበት ዘመን የሴት ልብስ ለብሰው በመድረክ ሴት ሆነው ተጫወቱ። ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ደግሞ የልጆችን ክፍለ ጊዜ ያዙ፤ ለ42 ዓመታት ያህልም ድምፃቸውን እንደየአውሬው እየለዋወጡ ተረት ነገሩ። መልካቸውን የሚለውጡት እሳቸው ራሳቸው ናቸው እንጂ የሚሳቅበት ሌላ ምስኪን የለም። እርግጥ አንዳንዴ ምክሩ በዝቶ ተረቱን ይጫነዋል (እኔስ ጅቡን ብቻ ባዳመጥሁ ደስ ባለኝ)። በሐምሌ 2009 ዓ.ም. ሲያርፉ ሽበት ያወጡ ሰዎች ሳይቀሩ «አባባ» እያሉ አዘኑላቸው።