ሊጡ እስኪነቃ

ኮሎምበስ ውስጥ ስለ አንድ የሰሜን ቻይና ቤተሰባዊ ምግብ ቤት ጨዋታ ከተነሣ ሁለት ምስጋናዎች አይቀሩም። አንዱ «ልክ እንደ አገራቸው ነው» ይላል፤ ሌላው «ደግሞ ርካሽ ነው» ብሎ ይከተላል። የመጀመሪያውን የሚናገረው ሰው ብዙውን ጊዜ ቻይናን ረግጦ አያውቅም፤ ሁለተኛውን የሚናገረው ደግሞ ማጀት ውስጥ ስንት እጅ እንደሚደክም ጠይቆ አያውቅም። ሁለቱም የሚናገሩት ከልባቸው ነው። ሆኖም ምስጋናዎቹ ለምግብ ቤቱ አይበጁትም። ይህን ደግሞ ከማንም በላይ ማወቅ ያለበት ሐበሻ ተመጋቢ ነው፤ እነዚሁ ቃላት ለእናቱ፣ ለእህቱ፣ ለአክስቱ ምግብ ቤት ሲነገሩ ሰምቷቸዋልና።

ነገሩን ከኒር ኢስት ሳይድ መጀመር ይሻላል። ሰፈሩ ከመሐል ከተማው በስተምሥራቅ፣ በኢንተርስቴት 71 አውራ ጎዳናና ለሐበሻ ጆሮ «ዓለም» በሚመስለው በአለም ክሪክ ወንዝ መካከል ይገኛል። በሎንግ ስትሪትና በማውንት ቨርነን አቬኑ የጥቁሮች ሱቆች፣ ሙዚቃ ቤቶችና ምግብ ቤቶች የሞሉበት ዘመን ነበረው፤ በ1929 የተከፈተው ሊንከን ቴአትር እስከ ዛሬ ቆሞ ይመሰክራል። በ1960ዎቹ አውራ ጎዳናው ሲያልፍ ሰፈሩን ከመሐል ከተማው ቆርጦ ለየው። ትንሽ ምግብ ቤት የእግረኛ ንግድ ነው፤ መንገድ አቋርጦ የሚመጣ ሰው ሲጠፋ ምድጃው ይቀዘቅዛል። ዛሬ የዚህ ሰፈር ነዋሪ በእጅ የተሳበ ኑድል ሲያምረው መኪና አስነሥቶ ወደ ሰሜን ምዕራብ፣ ወደ ቤተል ሮድ አካባቢ ይነዳል፤ የእስያ ምግብ ቤቶች በብዛት የተሰበሰቡት ወደዚያ ነው። መንገዱ ሃያ ደቂቃ ያህል ይወስዳል። «የሰፈር ምግብ ቤት» የሚባለው የማን ሰፈር እንደሆነ ለማሰብ በቂ ጊዜ ነው።

ምሥራቁ ኮሎምበስ ግን የቻይና እጅ ሳይቀምስ የቀረ አይደለም። በብሮድ ስትሪት ወደ ምሥራቅ ራቅ ብሎ፣ ካሂኪ የሚባል ግዙፍ ምግብ ቤት በ1961 ተከፍቶ እስከ 2000 ሠርቷል። ጣሪያው ወደ ሰማይ የሾለ፣ ውስጡ ዘንባባና ፏፏቴ የሞላበት፣ በመስኮቱ ላይ ሰው ሠራሽ ዝናብ የሚወርድበት ቤት ነበር። በ1997 በአገሪቱ የታሪካዊ ቦታዎች መዝገብ ሰፈረ፤ ከሦስት ዓመት በኋላ ፈርሶ በቦታው ፋርማሲ ተተከለ። ካሂኪ የሚሸጠው የፖሊኔዥያን ሕልም ነው። የመጨረሻው ባለቤት ማይክል ጻኦ ግን ከቻይና የመጣ ስደተኛ ነበር፤ ከቀረበው ምግብም ብዙው ሥሩ የደቡብ ቻይና ማጀት ነው። ቻይናዊ አብሳይ ሙሉ ዋጋ ለማግኘት የሌላ አገር ልብስ መልበስ ነበረበት ቢባል ብዙ ስሕተት የለውም።

የቤተል ሮዱ ዓይነት ቤት ፏፏቴ የለውም። ጠረጴዛው በቀላሉ የሚጠረግ ነው፤ ግድግዳው ላይ የዓመቱ የቀን መቁጠሪያ ተሰቅሏል፤ ጥግ ላይ ያለው ጠረጴዛ ደንበኛ አይቀመጥበትም፤ የቤቱ ልጅ ደብተሩን ዘርግቶበታል። ቤቱን ለመመዘን የመጣ ሰው ከጌጡ ምንም አያገኝም። የሚመዘነው ሊጡ ነው።

ከቺንሊንግ ተራሮች እስከ ሁዋይ ወንዝ የሚዘረጋው መስመር ቻይናን ለሁለት ይከፍላታል፤ ከመስመሩ በስተደቡብ ሩዝ፣ በስተሰሜን ስንዴ። ከስንዴ በፊት ደግሞ የዳጉሳ ዘመድ የሆነው ሚሌት ነበር። በ2005 ኔቸር መጽሔት ላይ በወጣ ጥናት መሠረት፣ ቺንግሃይ ክፍለ ሀገር ላጂያ በሚባል ቦታ በተገለበጠ ሳህን ሥር 4,000 ዓመት ገደማ የሆነው ኑድል ተገኝቷል፤ የተሠራውም ከሚሌት ነው ተብሏል። ከእንዲህ ያለ ደቃቅ እህል ረጅም ክር መሳብ እንዴት እንደተቻለ ሊቃውንት ብዙ ተከራክረውበታል። ጤፍ አቡክቶ የሚያውቅ ሰው የክርክሩን ምክንያት ለመረዳት ማስረጃ አያስፈልገውም።

የስንዴ ሊጥ ሲታሽ ይኮማተራል። ወዲያው ቢስቡት ወይ ይበጠሳል ወይ ተመልሶ ይሸሻል። ስለዚህ ግሉተን የሚባለው ፕሮቲን ዘና እስኪል ድረስ በእርጥብ ጨርቅ ተሸፍኖ ይቀመጣል፤ እንደገና ይታሻል፤ እንደገና ያርፋል። አማርኛ ሊጥን «ቦካ»፣ «ኩፍ አለ» ይለዋል። ሰሜን ቻይናዎች ይህን ማሳረፍ «ሊጡን ማንቃት» ይሉታል። ስያሜው ትክክል ነው፤ ያረፈ ሊጥ እጅን የሚሰማ ይመስላል። ላሚየን የተባለውን ኑድል የሚሠራ ሰው ሊጡን በሁለት እጁ ይስባል፣ ያጥፋል፣ ደግሞ ይስባል፤ አንዱ ሁለት፣ ሁለቱ አራት እየሆነ ስምንት ጊዜ ያጠፈ ሰው 256 ክር ይዞ ይገኛል። የሻንሺ ክፍለ ሀገር ሰዎች ደግሞ ጠንከር ያለውን ሊጥ በክንዳቸው ላይ ይዘው በቢላ እየላጡ በቀጥታ በሚፈላ ውሃ ላይ ይጥሉታል። ዳሩ ስስ፣ መሐሉ ወፈር ያለ ስለሚሆን አንዱ ጉርሻ ሁለት ዓይነት ማኘክ አለው።

ጂያውዚ በሚባለው የተጠቀለለ ሊጥ ላይ ምስጢሩ ይበልጥ ይገለጣል። በእጅ የተዳመጠው ልባስ መሐሉ ወፍራም፣ ጠርዙ ስስ ነው፤ በትንሽ መዳመጫ ጠርዙን እየዞሩ ስለሚዳምጡት ነው። ጠርዙ ሲታጠፍ ድርብ ይሆንና ከመሐሉ ጋር ይስተካከላል። የማሽኑ ልባስ ግን ከዳር እስከ ዳር አንድ ውፍረት ስላለው የታጠፈበት ቦታ ይደነድናል፤ አንድ ጊዜ ነክሶ መለየት ይቻላል። ሲቀቀል ደግሞ ውሃው በፈላ ቁጥር ጥቂት ቀዝቃዛ ውሃ ይጨመርበታል፤ በተለምዶ ሦስት ጊዜ። ልባሱ ሳይፈነዳ ውስጡ እንዲበስል ነው። «እንደ አገራቸው ነው» የሚለው አድናቂ ይህን አያይም። የሚያየው ቾፕስቲኩንና ቀዩን ፋኖስ ነው።

ለሐበሻ ገበታ ምን ይመረጥ የሚለው የራሱ ጣጣ አለው። የጂያውዚ የተለመደው ሙሌት አሳማና ጥቅል ጎመን ስለሆነ ብዙ ሰው ዝርዝሩን ዘግቶ ሩዝ ያዛል። ያሳዝናል፤ ሰሜን ቻይና የበግ አገር ነውና። በግና ካሮት የተሞላ ጂያውዚ አለ፤ ከሙን የተነሰነሰበት የበግ ጥብስ አለ፤ የቻይና ሙስሊሞች ለዘመናት ያቆዩት ማጀት ነው። ለጾመኛ ደግሞ ከሰሜን ምሥራቅ የመጣው፣ ድንች፣ ደብርጃንና ቃሪያ አብረው የሚጠበሱበት ዲ ሳን ሺየን አለ፤ በነጭ ሽንኩርትና በኮምጣጤ የተመታ ኪያርም አለ። የኦይስተር ሶስ ወይም የዶሮ ቅመም እንዳይገባበት አስቀድሞ መጠየቅ ግን የተመጋቢው ድርሻ ነው። እዚያ ገበታ ላይ ሐበሻ ባዳ አይሆንም። ሳህኑ በመሐል ይቀመጣል፤ ሁሉም ከአንድ ያነሣል፤ አክባሪ አስተናጋጅ ምርጡን ቁራጭ በቾፕስቲኩ አንሥቶ የእንግዳው ሳህን ላይ ያኖራል። ጉርሻ ነው፣ ከአፍ ትንሽ ዝቅ ብሎ የቆመ። ሒሳብ ሲመጣም «እኔ ልክፈል» የሚለው ትግል በሁለቱም ባህል አንድ ነው።

የዋጋው ነገር ግን በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። የኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲው ክሪሽኔንዱ ሬይ በ2016 ባሳተመው «ዘ ኤትኒክ ሬስቶራተር» በተሰኘው መጽሐፍ የሚከራከረው፣ አሜሪካዊ ለአንድ አገር ምግብ የሚከፍለው ዋጋ ለዚያ አገር ሕዝብ ከሚሰጠው ደረጃ ጋር አብሮ ይወጣል፣ አብሮም ይወርዳል ብሎ ነው። ጣሊያንና ጃፓን ወደ ላይ ወጥተዋል፤ ቻይና በብዛት ታች ቀርታለች። አንድ ዓይነት ዱቄት፣ አንድ ዓይነት ውሃ፣ አንድ ዓይነት የእጅ ድካም «በእጅ የተሠራ ፓስታ» ሲባል ዋጋ ይጨመርበታል፤ ኑድል ሲባል ግን ይነፈገዋል። ለዚህ ማረጋገጫ የሚፈልግ ሰው አዲስ አበባን ያስባት። ቦሌ አካባቢ ያለ የቻይና ምግብ ቤት መሐንዲስና ነጋዴ የሚጋበዝበት ነው፤ ዋጋውም ለተራው የከተማ ሰው አይቀመስም። ኑድሉ ያው ኑድል ነው። የተለወጠው ቻይናዊው በከተማዋ ያለው ቦታ ነው፤ ቦሌ ላይ ባለ ፕሮጀክት ነው፣ ኦሃዮ ላይ ስደተኛ።

የአሜሪካ ሕግም በዚህ ውስጥ እጁ አለበት። በ1882 የወጣው ሕግ የቻይና ሠራተኞች እንዳይገቡ ከለከለ፤ ነጋዴዎች ግን ይገቡ ነበር። በ1915 አንድ ፍርድ ቤት የምግብ ቤት ባለቤትም ነጋዴ ነው ብሎ በመወሰኑ፣ ዘመድ ለማምጣት ምግብ ቤት መክፈት መንገድ ሆነ። ሆኖም ነጋዴ ለመባል በእጅ አለመሥራት ነበረበት፤ ቢያንስ በወረቀት ላይ ሊጥ ያልነካ ሰው መሆን ይጠበቅበታል። ክልከላው በ1943 ተነሣ፤ ብዙ ሰው መግባት የቻለው ግን ከ1965ቱ ሕግ በኋላ ነው። የሰሜን ሰዎች ዘግይተው የመጡት ከዚያ ወዲህ ነው፤ ሲመጡም የአሜሪካ ምላስ በደቡቦቹ ጣፋጭ ሶስ ተይዞ ቆያቸው።

ስለዚህ የምግብ ዝርዝሩ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ጄኔራል ጾ የሚባለው ጣፋጭ ዶሮ መገኘቱ አያስገርምም። የሰሜን ቻይና ምግብ አይደለም፤ የሁናን ተወላጁ ሼፍ ፔንግ ቻንግ-ኩዌይ ታይዋን ውስጥ የፈጠረው፣ ስኳሩን ኒው ዮርክ የጨመረችበት ነው። «ከሐዲዎች» የሚል ተቺ ግን ኪራዩን ማን እንደሚከፍል ይርሳ እንጂ የቤቱ ሰዎች አይረሱም። አሜሪካ ያሉ የሐበሻ ምግብ ቤቶችም በዚሁ መንገድ አልፈዋል። በ1980ዎቹ ዌይን ካርልሰን አይዳሆ ውስጥ ጤፍ መዝራት ከመጀመሩ በፊትም ሆነ በኋላ፣ በስንዴና በገብስ ዱቄት የተጋገረው እንጀራ ብዙ ቤት አቁሟል። «ይሄ እንጀራ ነው?» ብለው ያጉረመረሙትም በልተው ነው የተነሡት።

ወቀሳ የሚገባው ሌላ ቦታ ነው። ብዙዎቹ ቤቶች ኑድሉን በደንብ ስበው በዘይት ያሰጥሙታል። ባዕድ ፊት ሲያዩ ቃሪያውን ሳይጠይቁ ይቀንሳሉ። ከሁሉ የሚከፋው ደግሞ የጂያውዚ መቀቀያውን ውሃ ማስቀረታቸው ነው። ሰሜን ቻይና ውስጥ ከምግቡ በኋላ ያ ደመና የመሰለ ውሃ በጎድጓዳ ሳህን ይቀርባል፤ የተቀቀለበት ውሃ የተቀቀለውን ያፈጫል ይላሉ። ጨው የለውም፤ የዱቄት ሽታ ብቻ ያለው ትኩስ ነገር ነው። አጥሚት ጠጥቶ ላደገ ሰው እንግዳ አይሆንበትም። ኮሎምበስ ላይ ግን ካልጠየቁ አይመጣም፤ ቤቱ እንግዳው ይንቀዋል ብሎ ስለሚፈራ ነው። ሊቀርብለት የሚገባውን እንግዳ መርጦ መገመት የትሕትና መልክ ያለው ስስት ነው።

ጥግ ላይ ያለው ልጅስ? ኒው ዮርክ ታይምስ በ2019 መጨረሻ እንደዘገበው፣ በአገሪቱ ሃያ ትልልቅ ከተሞች የቻይና ምግብ ቤቶች ድርሻ በአምስት ዓመት ውስጥ ከ7.3 ወደ 6.5 በመቶ ወርዶ ነበር። ከምክንያቶቹ አንዱ ደስ የሚያሰኝ ነው፤ ልጆቹ ተምረዋል፤ ሐኪምና መሐንዲስ ሆነዋል፤ ወላጆቻቸውም ማጀቱን እንዲወርሱ አልፈለጉም። ኋይትሆልም ሆነ ክሊቭላንድ አቬኑ ላይ ምጣድ የጣደች እናት ልጇ እንጀራ ጋጋሪ እንዲሆን ያመጣችው አይደለም። ለደንበኛው ኪሳራ የሆነው ለቤቱ ድል ነው። «ርካሽ ነው» እያለ የሚያመሰግን ደንበኛ ግን ከዚህ ድል ውስጥ የራሱ ድርሻ እንዳለ አይጠረጥርም፤ በሃያ ዓመት ውስጥ የከፈለው ሒሳብ አንድም ልጅ ማጀቱ ውስጥ እንዲቀር የሚያጓጓ አልነበረም።

እስከዚያው ትእዛዝ የሚቀበለው ይኸው ልጅ ነው። እርሳሱን አስቀምጦ ይመጣል፤ በኦሃዮ እንግሊዝኛ ይጠይቃል፤ ወደ ማጀት ዞሮ በእናቱ ቋንቋ ይጮኻል፤ መልሱን ይዞ ይመለሳል። የበግ ጂያውዚ አለ፤ ሊጡ ግን አሁን ነው የታሸው፤ ግማሽ ሰዓት ይፈጃል። አጠገብ ያሉት ሰዎች ሰዓታቸውን ዐይተው ጄኔራል ጾ ያዛሉ። ከኒር ኢስት ሳይድ ድረስ ነድቶ የመጣው ሰው ጃኬቱን ከወንበሩ ጀርባ ይሰቅላል፤ ሻይ ይቀዳል፤ ልጁም ወደ ደብተሩ ይመለሳል።