መጀመሪያ እንጦጦ

ከፈረንሳይ ለጋሲዮን በላይ፣ ባሕር ዛፉ አለፍ አለፍ እያለ ለጽድ ቦታ በሚለቅበት ዳገት ላይ፣ የአራት ዓመቱ ልጅ ቁጭ አለና አልነሣም አለ። ከእግሩ ሥር ኖራ የመሰለ ነጭ ነገር ተበትኗል። በእንጨት ነካ ሲያደርገው ተፈረፈረ።

«ጋሼ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«የጅብ ካካ ነው። ጅብ አጥንት ሳይቀር ስለሚበላ፣ ሲደርቅ እንዲህ ይነጣል።»

«ማታ አያቴ ቤት የሰማሁት ጅብ?»

«እሱ ሊሆን ይችላል።»

እናቱ ሰዓቷን አየች። እንጦጦ ማርያም ገና አልደረስንም፤ ፓርኩ ውስጥም ለልጆቿ ልታሳያቸው ያሰበችው ብዙ ነበር። እኔ ደብተሬን አውጥቼ ልጁ አጠገብ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ጅቡ ቀን የት እንደሚተኛ፣ ልጅ እንዳለው፣ ዛፍ ላይ መውጣት ይችል እንደሆነ ተጠየቅኩ። ሃያ አምስት ደቂቃ ቆየን። ደብተሬ ላይ የጻፍኩትም ይህንኑ ነው፦ «ትንሹ፣ አንድ ነገር ላይ 25 ደቂቃ።»

ሥራዬ ትንንሽ ልጆች ይዘው ወደ ብሔራዊ ፓርክ ለሚሄዱ ቤተሰቦች ጉዞ ማቀድ ነው። ባሌም ይሁን አዋሽ፣ ዕቅድ ከማውጣቴ በፊት ቤተሰቡን ግማሽ ቀን እንጦጦ ይዤ እወጣለሁ። ወላጅ ስለ ልጁ የሚነግረኝ ሁሉ እውነት ነው፤ ግን የሚያወራልኝ ቤት ውስጥ ስላለው ልጅ ነው። ዳገት ላይ ያለውን ልጅ እሱም ገና አላየውም።

ለዚህ ከእንጦጦ የተሻለ ቦታ አላውቅም። ከሽሮ ሜዳ ሽቅብ የሚወጣው አስፋልት ጠመዝማዛ ስለሆነ መኪና የማይስማማው ልጅ እዚያው ይታወቃል፤ ሎሚ ማሽተት ይበቃው እንደሆነ ወይም ፌስታል በእጅ መያዝ እንደሚያስፈልግ ያኔ እንለያለን። አዲስ አበባ 2,300 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፣ እንጦጦ ከ3,000 ያልፋል፤ የልጁን ትንፋሽ ለማየት ይበቃል። በ2013 ዓ.ም. መስከረም መጨረሻ የተከፈተው ፓርክ ደግሞ የተስተካከለ መንገድና ማረፊያ ስላለው፣ ነገር ቢበላሽ ጉዳቱ ቀላል ነው። ልጁ አለቀሰ፤ ታቅፎ ወደ ቤቱ ይወርዳል። ባሌ ላይ ግን ቤት ሩቅ ነው።

ዳገቱ ላይ የተቀመጠው ልጅ አባት ከውጭ አገር ሲመጣ ዝርዝር ጽፎ ነበር የመጣው። ለዐሥር ቀን፦ አዋሽ፣ አብያታ ሻላ፣ ነጭ ሳር፣ ባሌ። ልጆቹ አራትና ሰባት ዓመታቸው ነው። «ጋሼ፣ አገራቸውን ይወቁ ብዬ ነው» አለኝ፤ ድምፁ ውስጥ ያለው ናፍቆት ገባኝ። ከአገሩ ርቆ የኖረ አባት በዐሥር ቀን የዐሥር ዓመቱን ሊከፍላቸው ይፈልጋል። እንዲህ ያለውን ዝርዝር መሰረዝ የሥራዬ ከባዱ ክፍል ነው፤ በአፍ ብናገር ተስፋ ማስቆረጥ ይሆንብኛል። የእንጦጦው ደብተር ግን ይነግርልኛል። በሦስት ሰዓት ውስጥ የተጓዝነው ሁለት ኪሎ ሜትር ተኩል ነው። ትንሹ ኩርባው ላይ አስታወከው። ትልቋ ሁልጊዜ ከፊት ናት፤ ሥራ ካልተሰጣት ይሰለቻታል። አባትየው ቁጥሩን ራሱ አነበበ፣ አብያታ ሻላን፣ ነጭ ሳርንና አዋሽን ራሱ ሰረዘ።

አዋሽ ሲሰረዝ አልከፋኝም። አገሩን እወደዋለሁ፤ ነገር ግን በመጀመሪያዎቹ ዓመታት እዚያ የሠራሁት ጥፋት እስከ ዛሬ ይከነክነኛል። ከአዲስ አበባ 225 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። እስከ አዳማ በፈጣን መንገዱ ይሮጣል፤ ከዚያ በኋላ ግን የጂቡቲን መስመር ከሚይዙት ከባድ መኪኖች ጋር መገፋፋት ነው። ከአንድ ቤተሰብ ጋር ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ተነሥተን የፓርኩ በር ላይ ስንደርስ ስድስት ሰዓት አልፎ ነበር። ቆላው ይነድዳል። ሳላዎቹ ከግራር ጥላ ሥር ቆመው ከሩቅ የደረቀ ግንድ ይመስላሉ። የሦስት ዓመቷ ልጅ በመስኮት የምታየው የሚንቀሳቀስ ነገር አልነበረም። አለቀሰች፤ ዕቅዴ ላይ ፏፏቴው ስለተጻፈ ብቻ ወደዚያ ነዳሁ። አዋሽ ወንዝ አዞ አለበት፣ ገደል አለው፤ አባቷ እሷን ታቅፎ ወንድሟን ጥርቅም አድርጎ በእጁ ይዞ ፏፏቴውን ሳያይ ተመለሰ። ማታ ልጅቷን አተኮሳት። እናቷ ምንም አላለችኝም። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

አሁን ቤተሰብ ወደ አዋሽ ስልክ፣ ዋዜማውን ከሰዓት በኋላ ደርሶ ያድራል። ማለዳ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ይገባል፣ ፀሐይ ሳትበረታ ሦስት ሰዓት ላይ ይወጣል። ቦታው ቆላ ስለሆነ የወባ አገር ነው፤ አጎበር ይያዛል፣ ስለ መድኃኒቱ ከጉዞው ቀድሞ የልጆች ሐኪም ይጠየቃል። ፍል ውኃውን ልጅ እንዲነካው አልፈቅድም።

ከፍታን ወላጆች ብዙም አይጠይቁኝም፣ እኔን ግን ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ እሱ ነው። ባሕር ዳርቻ ካለ ከተማ የመጣ ልጅ አዲስ አበባ ሲያርፍ አንድ ተራራ ወጥቷል ማለት ነው። የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ጽሕፈት ቤት ያለበት ዲንሾ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። የሳነቴ አምባ ከ4,000 ያልፋል፣ ቱሉ ዲምቱ 4,377 ይደርሳል። ትልቅ ሰው «ራሴን አመመኝ» ይላል፤ የሁለት ዓመት ልጅ አይልም። የሚወደውን ምግብ ይገፋል፣ ይነጫነጫል፣ እንቅልፍ ያጣል። ወላጁም ጠባዩ የተበላሸ መስሎት ይቆጣዋል። ስለዚህ ቃሌ አንድ ነው፦ ቁርሱን እንቢ ያለ ልጅ ሽቅብ አይወጣም። ካልተሻለው ቁልቁል ይወርዳል።

የወቅቱ ነገር አጭር ነው። የልጆች ዕረፍትና የአገራችን ፀሐይ አይገጣጠሙም፤ ትምህርት ቤት የሚዘጋው ሐምሌና ነሐሴ ነው፣ ያኔ ሳነቴ በጭጋግ ተሸፍኖ ይውላል። አማራጭ ላለው ሰው ታኅሣሥንና ጥርን እመክራለሁ። ለእንጦጦ ብቻ ከሆነ ግን አደይ አበባ በፈነዳበት መስከረም ልጆቹን ያውጣ።

ከጓዝ ሁሉ ቀድሞ መኪና ውስጥ የሚገባው ፖፖ ነው። አንድ ልጅ መጸዳጃ ሲፈልግ ቀጣዩ ከተማ አርባ ኪሎ ሜትር ይቀራል፤ የመንገድ ዳር ቁጥቋጦ ደግሞ ለፈራ ልጅ አይሆነውም። የለመደው ፖፖ ካለ መኪናው ይቆማል፣ ጋቢ ይጋረድለታል፣ አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ይህን ስናገር የእንጦጦዎቹ ልጆች አያት በጣም ደስ አላቸው። «ይኸው፣ እኔ ስል ማን ሰማኝ!» አሉ። አገልግሉን የሞሉትም እሳቸው ናቸው፦ ድርቆሽ ፍርፍር፣ ዳቦ፣ ቆሎ፣ ሙዝ ለብቻው። እሳቸው ካልሄዱ የልጆቹ ሆድ እንደማይረጋጋ እንጦጦ ላይ አይቼ ስለነበር «እማማ፣ እርስዎም ይሄዳሉ» አልኳቸው። ዕቅዱ ውስጥ ከጨመርኩት ሁሉ ትልቁ እሳቸው ነበሩ።

በዚያው ቀን ከእንጦጦ ስንወርድ ጭራሮና የባሕር ዛፍ ቅጠል በጀርባቸው የተሸከሙ ሴቶች ከኋላ መጡ። ከመንገዱ ወጥተን አሳለፍናቸው። ፎቷቸውን አንሥቼ አላውቅም፣ ማንም ከእኔ ጋር ያለ እንዲያነሣም አልፈቅድም። ትልቋ ልጅ ለምን እንደዚያ እንደጎበጡ ጠየቀችኝ። የቤታቸውን እሳትም ኑሯቸውንም ከዚህ ተራራ እንደሚያወርዱ፣ ዛፉም በ1880ዎቹ በዐፄ ምኒልክ ዘመን ከባሕር ማዶ የመጣው ከተማው የማገዶ እንጨት ስላለቀበት እንደሆነ ነገርኳት። ረጅም ጊዜ ዝም አለች። ልጅን ወደ ዱር የሚወስድ ሰው እንዲህ ላለው ዝምታም ጊዜ መተው አለበት፤ ሰዓት ጠባብ ከሆነ ጥያቄው መኪና ውስጥ ታፍኖ ይቀራል።

የመጨረሻው ዕቅድ ሐዋሳ ሁለት ሌሊት፣ ዲንሾ ሦስት ሌሊት ሆነ። ሐዋሳ አሞራ ገደል ትልቋ ደብተር ተሰጥቷት አባ ኮዳ የሚባለውን አሞራ ቆጠረች፤ የአንዱ ቁመት እሷን ይበልጣል። ዲንሾ ላይ በሁለተኛው ጠዋት ወደ ሳነቴ ልንወጣ፣ ቀይ ቀበሮ ልናይ ነበር። ትንሹ ፍርፍሩን ገፋ። አያቱ ግንባሩን ዳሰሱ፣ ከዚያ እኔን አዩኝ። አባትየው የመኪናውን ቁልፍ ከኪሱ አውጥቶ እንደገና መለሰው።

ፀሐይዋ ሞቅ ስትል ልጁ ቀስ በቀስ ተሻለው፣ ሙዝም በላ። አያቱ በጋቢ ጠቅልለው ከጽሕፈት ቤቱ በታች ወዳለው ሜዳ ወሰዱት። የውርጩ እርጥበት ገና ከሣሩ አልለቀቀም። ኒያላዎቹ ከጽዱ ጥግ ጆሯቸውን ቀስረው ቆመዋል፣ እሱ ግን አላያቸውም። ከፊታቸው አንድ ከርከሮ በፊት ጉልበቶቹ ተንበርክኮ ሣር ይግጣል፤ ከርከሮ አንገቱ አጭር ስለሆነ እንዲያ ነው የሚበላው።

«እማማ፣ እየሰገደ ነው?» አለ።

«እየበላ ነው ልጄ።»

ከጋቢው ወጣ። እርጥቡ ሣር ላይ ተንበረከከና አፉን ወደ መሬት አስጠጋ። እናቱ ሱሪው እንደሚበሰብስ ልትናገር አፏን ከፍታ ነበር፤ ተወችው። እኔ ሰዓት አላየሁም፤ በዚያ ቀን ዕቅድ ላይ ሌላ የተጻፈ ነገር አልነበረም።