በ7ኛው ቀን የሚፈተን ፖሊሲ

ከመጀመሪያ ዲግሪ ትምህርቴ በደንብ የማስታውሰው ነገር ቢኖር የኮንክሪት ኩብ ነው። ሲሚንቶ፣ አሸዋ፣ ጠጠርና ውሃ ትቀላቅላላችሁ፤ ጎኑ 15 ሴንቲ ሜትር በሆነ የብረት ቅርጽ ውስጥ ትሞላላችሁ፤ በማግስቱ አውጥታችሁ ውሃ ውስጥ ትከቱታላችሁ። ከዚያ መጠበቅ ነው። በ7ኛው ቀን ጥቂቶቹን አውጥታችሁ በማሽን ትሰብራላችሁ፣ የቀሩትን በ28ኛው ቀን። ለሕንፃው የሚቆጠረው የ28ኛው ቀን ጥንካሬ ነው። «ሲ-25 ኮንክሪት» ሲባል ሰምታችሁ ከሆነ፣ ኩቡ በ28 ቀኑ 25 ሜጋፓስካል መቻል አለበት ማለት ነው። በተለመደው ሲሚንቶ የ7ኛው ቀን ውጤት ከዚያ ሁለት ሦስተኛ አካባቢ ስለሚሆን ምልክት ይሰጣል እንጂ ፍርድ አይሰጥም።

ይህን ያነሳሁት ስለ ግንባታ ላወራችሁ አይደለም። አንዲት ጓደኛዬ በማኅበራዊ ፖሊሲ ዶክትሬቷን እየሠራች ነው። በተገናኘን ቁጥር ማኪያቶ ይዘን እንከራከራለን። እሷ እኔን «አንተ ሰውን እንደ ብረት ነው የምታየው» ትለኛለች፤ እኔም የእነሱ ነገር መለኪያ የሌለው ይመስለኝ ነበር። ባለፈው እሷና አብረዋት የሚማሩት ያዘጋጇቸውን ፕሮፖዛሎች አሳየችኝ። የወጣቶች ሥራ አጥነት፣ የገጠር ሴፍቲኔት፣ የትምህርት ቤት ምገባ፣ የኮንዶሚኒየም ዕጣ፣ የጤና መድን። እውነቱን ለመናገር ርዕሶቹን ወደድኳቸው። መለኪያም አላቸው፣ ያውም ጥንቁቅ መለኪያ። ግን «ውጤቱ መቼ ይለካል?» የሚለው ክፍል ላይ ስደርስ ያው ነው፦ ከሦስት ወር በኋላ፣ ከስድስት ወር በኋላ፣ ቢበዛ ከአንድ ዓመት በኋላ።

«ይሄማ የ7ኛ ቀን ኩብ ነው» አልኳት።

እሷ ሳቀች። እኔ ግን ቤቴ ሄጄም አልተወኝም። ስለዚህ ጓደኛዬ አንብብ ያለችኝን ጥናቶች ማንበብ ጀመርኩ፤ ሁለቱን ላካፍላችሁ።

የመጀመሪያው እዚሁ አዲስ አበባ የተሠራ ነው። ጥያቄው ማንም የታክሲ ሰልፍ ላይ የቆመ ሰው የሚገባው ነው። ከከተማው ዳር የሚኖር ሥራ ፈላጊ ማስታወቂያ ለማየት፣ ሲቪ ለማስገባት፣ ፈተና ለመፈተን በየቀኑ መሐል ከተማ መምጣት አለበት። ሥራ የለውም፤ ታዲያ የታክሲውን ከየት ያምጣው? ሳይመን ፍራንክሊን የተባለ ተመራማሪ በዕጣ ለተመረጡ ወጣቶች የትራንስፖርት ገንዘብ እንዲሰጣቸው አደረገ፤ ዕጣው ላልደረሳቸው አልተሰጠም። ከዚያ ለሁለቱም ወገን በየሳምንቱ እየተደወለ «ሥራ ፈለግህ? አገኘሽ?» ተባሉ። እ.ኤ.አ. በ2018 በታተመው ውጤት መሠረት ገንዘቡን ያገኙት በርትተው ፈልገዋል፤ ከጥቂት ወራት በኋላም ቋሚ ሥራ የማግኘት ዕድላቸው ከፍ ብሎ ተገኝቷል። ዕጣው ለምን አስፈለገ ካላችሁ፣ ገንዘቡን ያገኙትና ያላገኙት በሌላው ነገር ሁሉ ተመሳሳይ እንዲሆኑ ነው። አለበለዚያ ለውጡ የመጣው ከገንዘቡ ይሁን ከሰዎቹ ጉብዝና መለየት አይቻልም።

እዚህ ላይ ብናቆም ኖሮ ለፖሊሲ የሚሰጠው ምክር ግልጽ ነበር፦ የታክሲ ስጡ።

ግን አልቆመም። ፍራንክሊንና ግሩም አበበን ጨምሮ ስድስት ተመራማሪዎች ነገሩን አስፋፍተው እንደገና ሠሩት። በዚህኛው ለአንዳንዶቹ ወጣቶች የትራንስፖርት ገንዘብ ተሰጠ፤ ለሌሎቹ ደግሞ ሲቪና ማመልከቻ እንዴት እንደሚጻፍ፣ ቃለ መጠይቅ እንዴት እንደሚቀረብ የሚያሳይ አጭር ሥልጠና ተሰጠ። ሠልጣኞቹ ፈተናም ወስደው፣ ችሎታቸውን ለቀጣሪ የሚያሳይ ሰርተፊኬት ተቀበሉ። መጀመሪያ ሲለካ ሁለቱም ሠርተዋል፤ በሁለቱም ቡድን መደበኛ ሥራ የሚያገኘው ሰው ጨመረ። ከአራት ዓመት በኋላ ተመልሰው ሲለኩስ? የትራንስፖርቱ ውጤት ጠፍቷል። ሥልጠናውን የወሰዱት ግን ገቢያቸው ካልወሰዱት ወደ 20 በመቶ ገደማ በልጦ ተገኘ። እ.ኤ.አ. በ2021 ነው የታተመው።

እስቲ ቆም ብላችሁ አስቡት። ሁለት ኩቦች በ7ኛው ቀን ሁለቱም ደህና ነበሩ። በ28ኛው ቀን አንደኛው ጠንክሯል፣ ሌላው ካልተነካው ኩብ አይለይም። በ7ኛው ቀን ብቻ ያየ ሰው ልዩነቱን በምን ያውቃል?

ሁለተኛው ጥናት ይበልጥ ያስገርማል። ክሪስ ብላትማንና ስቴፋን ደርኮን አምስት ኢትዮጵያ ውስጥ ያሉ ድርጅቶች ላይ ሥራ ያመለከቱ ወደ አንድ ሺህ የሚጠጉ ሰዎችን በዕጣ በሦስት ከፈሉ። አንደኛው ቡድን የፋብሪካ ወይም የእርሻ ሥራውን አገኘ፤ ሁለተኛው 300 ዶላር ገደማና የንግድ ሥልጠና ተሰጠው፤ ሦስተኛው ምንም አላገኘም። ሥራውን ካገኙት አብዛኞቹ ዓመት ሳይሞላቸው ለቀቁ። ገቢያቸውም ካልተቀጠሩት አልበለጠም፣ እንዲያውም የጤና ችግር በዛባቸው። ገንዘብ የተሰጣቸው በአንጻሩ ከአንድ ዓመት በኋላ ገቢያቸው በአንድ ሦስተኛ ከፍ ብሎ ነበር። ወሬው በዓለም ዞረ፦ ፋብሪካ ሳይሆን ጥሬ ገንዘብ ይሻላል ተባለ። ከአምስት ዓመት በኋላ እንደገና ሲታይ ሦስቱም ቡድኖች ተቀራርበው ቁጭ ብለዋል። በገቢም በጤናም።

አሁን ወደ ትችቴ ልምጣ። የምተቸው እነዚህን ተመራማሪዎች አይደለም፤ እነሱማ ተመልሰው ሄደው ለኩ። የምተቸው ይህን ዓይነቱን ጥናት አርአያ ያደረገውን የዶክትሬት ተማሪ ልማድ ነው። ከአርአያው የወሰደው ዕጣውን ነው፣ ተመልሶ መሄዱን ትቶታል። የዶክትሬት ዘመን አራት አምስት ዓመት ነው። አንዱ በኮርስ ያልቃል፣ አንዱ በፕሮፖዛልና በፈቃድ ደብዳቤ፣ የመጨረሻው በመጻፍ። መሐል ላይ የሚተርፈው ለ7ኛ ቀን መለኪያ ብቻ የሚበቃ ነው። እናም አንድ ፖሊሲ ውጤቱን ለማሳየት ስንት ጊዜ ይፈልጋል የሚለውን የሚወስነው ፖሊሲው ራሱ መሆኑ ቀርቶ የመመረቂያ ቀን ሆኗል።

ኢንጂነሩም እኮ በ7ኛው ቀን ይለካል ትሉኝ ይሆናል። ልክ ናችሁ። ግን እኛ የ7ኛውን ቀን ቁጥር የምናምነው ከእኛ በፊት የነበሩ ሰዎች ስፍር ቁጥር የሌለው ኩብ በ7ም በ28ም ቀን፣ ከዚያም በዓመቱ እየሰበሩ የጊዜና የጥንካሬን ኩርባ ስለሳሉልን ነው። የ7ኛውን ቀን ይዘን በኩርባው ላይ ወደ ፊት መሄድ እንችላለን። የታክሲ ገንዘብ ኩርባ ግን የት አለ? የትምህርት ቤት ምገባስ? ገና አልተሳለም። የስድስት ወር ውጤት ይዞ «ፖሊሲው ይሠራል» ማለት ኩርባ በሌለበት ወደ ፊት መሄድ ነው።

በአራት ዓመት ውስጥ ታዲያ ምን ይሁን? እዚህ ላይ አንድ የዶክትሬት ተማሪ የሠራችውን ልንገራችሁ።

ኢንዶኔዢያ እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ በአምስት ስድስት ዓመት ውስጥ ከ61 ሺህ በላይ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ሠራች። ትምህርት ቤቶቹ እኩል አልተዳረሱም፤ ብዙ ልጆች ከትምህርት ውጪ የነበሩበት አካባቢ ብዙ ተሠራለት። ኤስተር ዱፍሎ በኤምአይቲ ዶክትሬቷን የጨረሰችው በ1999 ነው፤ ትምህርት ቤቶቹ ከተሠሩ ከ20 ዓመት በላይ አልፏል። እሷ አንድም ዕጣ አላወጣችም። ያደረገችው በ1995 የተሰበሰበ የቤተሰብ ጥናት ወስዳ፣ በ1974 ከ2 እስከ 6 ዓመት የነበሩትንና ከ12 እስከ 17 የነበሩትን ማነጻጸር ነው። ትንንሾቹ ለአዲሶቹ ትምህርት ቤቶች ደርሰዋል፤ ትልልቆቹን ዕድሜያቸው አልፏል። ከዚያ ብዙ ትምህርት ቤት በተሠራበትና ጥቂት በተሠራበት አካባቢ፣ በሁለቱ የዕድሜ ቡድኖች መካከል ያለው ልዩነት ምን ያህል እንደሚለያይ አየች። ለ1,000 ልጆች አንድ ትምህርት ቤት ሲጨመር ትምህርት ከ0.12 እስከ 0.19 ዓመት፣ ደመወዝ ደግሞ ከ1.5 እስከ 2.7 በመቶ ጨምሯል። ቁጥሩ ትንሽ ሊመስላችሁ ይችላል። ለእኔ ግን የሚያስደንቀው ሌላ ነው፦ ስድስት ዓመት የሆነው ልጅ ትልቅ ሰው ሆኖ ደመወዙ ስንት እንደሆነ በአንድ የዶክትሬት ዘመን ውስጥ መልስ ተገኘለት። ኩቡ ውሃ ውስጥ ነበር፤ እሷ ሄዳ አወጣችው። (ዱፍሎ በ2019 የኖቤል ሽልማት ያገኘችው በአብዛኛው በዕጣ ሙከራዎቿ መሆኑ ደግሞ ፈገግ ያሰኘኛል።)

እኛ ጋ ውሃ ውስጥ የቀረ ኩብ ሞልቷል። እ.ኤ.አ. በ1994 የወጣው የትምህርት ፖሊሲ ልጆች በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው እንዲማሩ አደረገ፤ ያኔ አንደኛ ክፍል የገቡት አሁን ወደ አርባ እየተጠጉ ነው። በ2003 የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ከ30 ሺህ በላይ ሴቶችን አሠልጥኖ ቀበሌ ድረስ አሠማራ። ሴፍቲኔት ከ2005 ጀምሮ አለ። ከሁሉም ቀድሞ ደግሞ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ፤ አክስቴ ፊደል የቆጠረችው በዚያ ነው፣ እስከ ዛሬ የዕቁቡን ደብተር የምትይዘው እሷ ናት። የአክስቴ ዓይነት ሴት ፊደል በመቁጠሯ የልጆቿ ሕይወት ምን ተለወጠ? ይህን ለመጠየቅ አዲስ ሙከራ አያስፈልግም። የተሰበሰበ ዳታም አለ። ያንግ ላይቭስ የተባለው ጥናት ከ2002 ጀምሮ ኢትዮጵያ ውስጥ 3,000 ያህል ልጆችን እያደጉ ሲሄዱ ደጋግሞ ጠይቋል፤ ዳታው ለተመራማሪ ክፍት ነው። አንዳንዶቹ ጥያቄዎች ላይ የሠሩ ሰዎች አሉ፣ ባዶ ሜዳ ነው አልልም። ግን ከፕሮፖዛሎቹ ክምር ውስጥ ወደ ኋላ የሚመለከት ስፈልግ አንድ ብቻ ነው ያገኘሁት።

ይህን ሁሉ ለጓደኛዬ ነገርኳት። ዝም ብላ ሰማችኝና «ጨረስክ?» አለች።

«ኩብህ ውሃ ውስጥ ስታስቀምጠው እዚያው ይጠብቅሃል» አለችኝ። «የእኔ ሰው ወደ አረብ አገር ይሄዳል፣ ሲም ካርድ ይቀይራል፣ ያገባል። ጎረቤቱ የተማረውን ይነግረዋል። ከአራት ዓመት በኋላ ግማሹን ባጣው የቀረው ግማሽ ስለማን ነው የሚነግረኝ?» ልክ ናት። ጠፍተው የቀሩት ወይ በጣም የተሳካላቸው ወይ በጣም የከፋባቸው ከሆኑ መለኪያው ሳይታወቀን ይጣመማል። ቀጠለች፦ «ደግሞ የታክሲው ውጤት ጠፋ ስትል ተጠንቀቅ። ሌሎቹ ደረሱባቸው እንጂ እነሱ ያገኙትን አላጡም። ኪራይ ለመክፈል ሥራ የሚፈልግ ልጅ ስድስት ወር ቀድሞ ማግኘቱ ትንሽ ነገር ነው?»

ይህን አላሰብኩትም ነበር። ኮንክሪት በ7ኛው ቀን አይርበውም።

አንድ ነገር ግን አልለቀቅኳትም። የአጭር ጊዜ እፎይታ ራሱን ችሎ ዋጋ ካለው፣ ጥናቱ በዚያው ስም ይጻፍ፦ «ለስድስት ወር አቅልሏል» ይባል። ፕሮፖዛሎቹ ላይ የተጻፈው ግን «የወጣቶችን ሥራ አጥነት በዘላቂነት ለመቅረፍ» ነው። ዘላቂ ብሎ ጽፎ በስድስት ወር መለካት በእኛ ሙያ ቢሆን ሕንፃው ላይ ማንም አይፈርምም።

በገንዘቡ ጉዳይ ግን መልስ የለኝም። የምርምር በጀት ሰጪው በሚቀጥለው ሰኔ 30 ሪፖርት ይፈልጋል፤ በ1994 ስለተደረገ ነገር ልጠይቅ የሚል ተማሪ «አሁን ምን ይጠቅመናል?» ይባላል። አማካሪዎችም ቢሆኑ ተማሪያቸው በጊዜው እንዲመረቅ ነው የሚፈልጉት፤ አልፈርድባቸውም።

ጓደኛዬ ርዕሷን አልቀየረችም። ሦስት ምዕራፍ ካለው ጥናቷ ሁለቱ አሁንም የስድስት ወር ናቸው። መጠይቋ ላይ ግን አንድ ገጽ ጨምራለች። ለእያንዳንዱ ሰው የራሱን ስልክ ብቻ ሳይሆን ቦታ የማይቀይሩ ሁለት ዘመዶቹን፣ የትውልድ ቀበሌውን፣ የሚያውቁትን የዕድር ዳኛ ትጠይቃለች። ፈቃደኛ የሆኑትን «ከዓመታት በኋላ ሌላ ሰው ቢፈልጋችሁ ትስማማላችሁ?» ብላ ታስፈርማለች። መረጃው በምስጢር የሚቀመጥበት ቦታ እያፈላለገች ነው፤ ማን ተመልሶ እንደሚለካው ገና አታውቅም። ገጹ ቃለ መጠይቁን በስምንት ደቂቃ አስረዝሞባታል፣ ጠያቂዎቿም እያጉረመረሙ ነው።