ከመስክ ወደ መድረክ፤ ስለ ምዕራብ ጎጃም የክረምት ጨዋታዎች የቀረበ ትችት

በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬና በዙሪያቸው ባለው የምዕራብ ጎጃም ገጠር ክረምት የሥራ ወራት መሆኑን ሁሉም ያውቀዋል። በሰኔ ዘር ይወድቃል፤ በሐምሌና በነሐሴ አረም ይታረማል፤ ወንዙም ሞልቶ መንገደኛውን ያግዳል። ይሁን እንጂ ሕዝቡ ከቤት ወጥቶ በአንድነት ከሚዘፍንባቸውና ከሚጨፍርባቸው ጨዋታዎች ከፊሎቹ የሚውሉት በዚሁ በዝናቡ ወራትና በመውጫው ላይ ነው። ነሐሴ 13 ቀን የሚከበረው ቡሄና በጳጉሜን መጨረሻ ተጀምሮ በእንቁጣጣሽ የሚፈጸመው እንግጫ ነቀላ ከነዚህ ዋነኞቹ ናቸው።

ከቅርብ ዘመን ወዲህ እነዚህ ጨዋታዎች «የባህል ፌስቲቫል» የሚል ስም እየተሰጣቸው በከተማ ሜዳ፣ በድምፅ ማጉያና በመድረክ ላይ ሲቀርቡ ይታያል። ይህን ነገር የሚያመሰግን ብዙ ነው፤ የሚመረምረው ግን ጥቂት ነው። እኛም በዚህ አጭር ጽሑፍ አስቀድመን ጨዋታው በገዛ ቦታው ምን እንደ ሆነ፣ ቀጥለን ወደ መድረክ ሲወጣ ምን እንደሚሆን፣ በመጨረሻም ምን ቢደረግ እንደሚሻል የተሰማንን ለመግለጽ አስበናል።

ሀ. ጨዋታው በገዛ ቦታው

የአገሩን አቀማመጥ ማወቅ ነገሩን ለማስተዋል ይረዳል። ቀድሞ ወጀት ይባል የነበረው የፍኖተ ሰላም ከተማ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,900 ሜትር ከፍታ ላይ ሲገኝ፣ ከማንኩሳ ባሻገር ያለው ቡሬ ወደ 2,100 ሜትር ይደርሳል። አገሩ ዝናብ የሚበዛበት ወይና ደጋ ስለ ሆነ በቆሎው፣ ጤፉ፣ ዳጉሳውና የቡሬ ስም የሚነሣበት በርበሬ ሁሉ በክረምቱ ላይ የተመሠረቱ ናቸው። ጳጉሜን ሲገባ ከባዱ አረም እየቀለለ ይሄዳል፤ አጨዳው ግን ገና ነው። እንግጫ ነቀላ በዚህች ጠባብ ክፍተት ውስጥ መግባቱ በአጋጣሚ የሆነ አይመስለንም። በየደቦውና በየወንፈሉ ሲደክም የሰነበተ ሰው የሚያርፍበትና ልጆቹ ወደ መስክ የሚለቀቁበት ጊዜ ነውና።

እንግጫ በእርጥብ መስክ የሚበቅል የሣር ዓይነት ነው። ልጃገረዶች በቡድን በቡድን ሆነው ወደ መስኩ ይወርዳሉ፤ እየዘፈኑ ይነቅላሉ፤ የነቀሉትንም ይጎነጉናሉ። በእንቁጣጣሽ ጧት ጉንጉኑ ከአደይ አበባ ጋር ሆኖ ለቤተ ሰብ ይታደላል፤ በራስ ላይ ይደረጋል፤ እንደ ቤቱም ልማድ በምሶሶ ላይ ይታሰራል። በብዙ ዘንድ ከዚያ በኋላ እስከ መስቀል ተጠብቆ ወደ ደመራው ይጣላል። ከዚሁ ጋር አብሮ የሚጠራ የከሴ አጨዳም አለ። እንግዲህ ሣሩ ከመስኩ ወደ ቤት፣ ከቤትም ወደ ደመራ የሚሄድ ጕዞ አለው፤ ዘፈኑ የዚህ ጕዞ ጓደኛ ነው እንጂ ለብቻው የቆመ ነገር አይደለም።

ቡሄም እንደዚሁ ነው። ወንዶች ልጆች ከቀኑ ብዙ አስቀድመው ጅራፍ ይገምዳሉ፤ በየኰረብታውም ያስጮኻሉ። በዋዜማው ችቦ ይበራል። ከዚያም «ሆያ ሆዬ» እያሉ በየደጁ ይዞራሉ፤ ባለቤቱን ያሞግሳሉ፤ ሙልሙል ሲሰጣቸው ይመርቃሉ፤ የዘገየባቸውን ደግሞ በግጥም ይነካሉ። አንድ ነገር በተለይ እናስታውስ፤ ይህ ልጅ በሌላው ቀን አባወራን ፊት ለፊት ደፍሮ የማይናገር ነው። በዚያች ምሽት ግን ሥርዓቱ ራሱ ፈቃድ ይሰጠዋል።

የሁለቱም ጨዋታዎች የውስጥ አሠራር አንድ ነው ለማለት ይቻላል። አንድ አውጪ ግጥሙን ያወጣል፤ የቀሩት ይቀበላሉ። አውጪው ቃሉን የሚመርጠው ከፊቱ ያለውን ሰው አይቶ ስለ ሆነ አንዱ ደጅ ላይ የተባለው በሌላው ደጅ ላይ እንዳለ አይደገምም። በልጃገረዶቹ ክብ ውስጥም ከበሮውና ጭብጨባው እየጋለ ሲሄድ ሁለት ሁለት ሆነው ወደ መካከል ይገባሉ፤ ትከሻ፣ ደረትና አንገት የሚሠሩበት እስክስታ የሚፈጥነውና የሚዘገየው በክቡ ጭብጨባ ነው። በዚያ ስፍራ ተመልካች የሚባል ሰው የለም። ቆሞ የሚያየው ራሱ ያጨበጭባል፤ የደከመችው ወጥታ ተቀባይ ትሆናለች፤ ተቀባይዋም በተራዋ አውጪ ትሆናለች።

ለ. ጨዋታው በመድረክ ላይ

በአንድ የዞን ከተማ ሜዳ ላይ የቀረበውን እንዲህ ያለ ዝግጅት ለማየት ችለን ነበር። የተደከመበት ዝግጅት መሆኑን መካድ አይገባም። የልጃገረዶቹ ጥልፍ ቀሚስ አንድ ዓይነት፣ አሰላለፋቸው የተስተካከለ፣ እርምጃቸውም የተጠና ነበር። ነገር ግን የሚከተሉትን ጕድለቶች ታዝበናል።

አንደኛ፤ ክቡ ፈርሶ መስመር ሆኗል። ፊት ለፊት የእንግዶች ድንኳን ስለ ነበረ ልጃገረዶቹ ሁሉ ወደዚያ ዞረው ተሰለፉ። እርስ በርስ የማይተያዩ ሰዎች ደግሞ እርስ በርስ ሊቀባበሉ አይችሉም። ሁለተኛ፤ የኦርጋን ድምፅ ያለበት የተቀዳ ዜማ በማጉያ ይለቀቅ ስለ ነበረ ፍጥነቱን የወሰነው መሣሪያው እንጂ ጭብጨባው አልነበረም። በእጅ የተያዘው ከበሮ ለጌጥ ቀረ። ሦስተኛ፤ ግጥሙ አስቀድሞ ተጽፎ የተጠና ነበር። በውስጡ ያለው ሁሉ ምስጋና ነው፤ ለአዘጋጁ ምስጋና፣ ለእንግዳው ምስጋና፣ ለልማቱ ምስጋና። ወቀሳ፣ ቀልድ፣ እንጉርጉሮ የሚባል አልነበረበትም። አራተኛ፤ በመድረኩ ላይ የታየው እንግጫ ከየትም ይምጣ ከየትም ወደ ማንም ቤት አልሄደም። ትርኢቱ ሲያበቃ ከመድረኩ በታች ወድቆ ተረግጦ አየነው።

ከነዚህ ሁሉ የሚከብደው ሦስተኛው ነው ብለን እናምናለን። ጎጃም ዋሸራን በመሰሉ የቅኔ ቤቶቹ የታወቀ አገር ነው፤ ለቃል ያለው ክብርና ለሰምና ወርቅ ያለው ፍቅር በቅኔ ቤት ብቻ ተወስኖ የቀረ አይደለም፤ በየደጁና በየመስኩም ይሰማል። ልጃገረዷ በእንግጫ መስክ የምታወጣው ግጥም በራስዋ አእምሮ የተሠራ ንግግር ነው። የሰው ግጥም አጥንታ እንድትደግም ካደረግናት ድምፅዋን አጕልተን ንግግርዋን ወሰድንባት ማለት ነው።

ይህ የአሠራር ልማድ ከየት እንደ መጣ ማጤን ያስፈልጋል። ሕዝባዊ ዘፈንን ወደ መድረክ ማውጣት በአገራችን አዲስ ነገር አይደለም። በ1927 ዓ.ም. የተመሠረተው የሀገር ፍቅር ማኅበር ከጥንቱ የዚህ ሥራ በር ከፋች ነበረ። ከ1967 ዓ.ም. በኋላ ደግሞ በየክፍለ ሀገሩና በየቀበሌው የኪነት ቡድኖች ተቋቋሙ። በጎጃም የነበረው የግሽ ዓባይ የኪነት ቡድን ስሙን የወሰደው በሰከላ ከሚገኘው ከዓባይ ምንጭ ሲሆን፣ እንደ ይሁኔ በላይና እንደ ሰማኸኝ በለው ያሉ ድምፃውያን ወጥተውበታል። ይህ ትልቅ ውለታ ነው። ዳሩ ግን አንድ ዓይነት ልብስ፣ አንድ ዓይነት አሰላለፍና መልእክት ያለው ግጥም የሚለው ልማድ ከዚያው ዘመን እንደ ተወረሰ እንገምታለን። ዘመኑ ሲያልፍ መልእክቱ ተለወጠ፤ አቀራረቡ ግን ሳይለወጥ ቀረ።

ለማነጻጸር ያህል ሌሎች ሁለት ምሳሌዎችን እናቅርብ። የመጀመሪያው በ1955 ዓ.ም. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ በሃሊም ኤል ዳብ አማካይነት የተጀመረውና ቆይቶም ተስፋዬ ለማ የመራው ኦርኬስትራ ኢትዮጵያ ነው። ይህ ቡድን በልማድ አንድ ላይ የማይደመጡትን መሰንቆን፣ ክራርን፣ ዋሽንትንና እምቢልታን በአንድነት አስቀመጠ። አዲስ ነገር መሥራቱን አልሸሸገም፤ የሠራውን ሙዚቃ በሙዚቃነቱ አቀረበ እንጂ ይህ ራሱ በዓሉ ነው አላለም። ስለዚህ በጥበብነቱ ሊመዘን ይችላል። ሁለተኛው ምሳሌ ከቡሬ ብዙም ሳይርቅ በእንጅባራ ጥር 23 ቀን የሚታየው የአገው ፈረሰኞች በዓል ነው። በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው ማኅበር የራሱ አባላትና የራሱ ሥርዓት አለው። እንግዳው ወደ ፈረሰኛው ሜዳ ይሄዳል እንጂ ፈረሰኛው በእንግዳው መድረክ ላይ አይወጣም። ጥበብ ነኝ ብሎ በጥበብ መመዘን ወይም በዓል ሆኖ በራሱ ሥርዓት መቆም ሁለቱም የተከበሩ መንገዶች ናቸው። የምንነቅፈው ከሁለቱም ያልሆነውን፣ ትርኢት ሆኖ ሳለ በዓል ነኝ የሚለውን ነው።

ሐ. ሊነሣ የሚችል ተቃውሞ

አንዳንድ ጓደኞቻችን «የገጠሩን ጨዋታ ከመጠን በላይ ታሞግሳላችሁ» ይሉን ይሆናል። ተቃውሞው እውነት አለበት። ልጃገረዶች የሚሰበሰቡበት ጨዋታ ለትዳር የሚታዩበትና የሚመረጡበት ጊዜም ነበረ፤ ያለ ዕድሜ ጋብቻም በአማራ ክልል ብዙ ጕዳት ያደረሰ ልማድ መሆኑ የታወቀ ነው። የ1992 ዓ.ም. የፌዴራሉ የቤተ ሰብ ሕግ የጋብቻን ዕድሜ 18 ዓመት ማድረጉ ያለ ምክንያት አይደለም። ስለዚህ የቆየውን ሁሉ እንዳለ ይቀመጥ አንልም። ነገር ግን ልጅቱ ቅሬታዋን በግጥም የምታሰማበትን ነጻ ሜዳ ወስደን በምትኩ የምስጋና መዝሙር ብንሰጣት ከዚህ ጕዳት አናድናትም፤ ይልቁንም የምትናገርበትን አንዱን በር እንዘጋባታለን።

ሌላው ተቃውሞ ከተማው ሰፍቷል፣ መስኩ ታርሷል፣ ልጆቹም ወደ ትምህርት ቤት ገብተዋል፤ ስለዚህ መድረኩ ባይኖር ጨዋታው ጨርሶ ይጠፋል የሚል ነው። ይህን ፍርሃት እንጋራዋለን። ሆኖም ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ የሆነውን እንመልከት። በክልሉ ግጭት ተነሣ፤ ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ታወጀ። ምዕራብ ጎጃምም ብዙ መከራ ካዩት አካባቢዎች አንዱ ሆነ። እንዲህ ባለ ጊዜ ድንኳን፣ ማጉያ፣ በጀትና የክብር እንግዳ የሚጠይቅ በዓል አስቀድሞ ይቀራል። አምስት ልጃገረዶች በአንድ ደጅ ላይ ቆመው ለመዘፈን ግን ከራሳቸው በቀር የሚያስፈልጋቸው የለም፤ ግጥም ማውጣት ካወቁ ማለት ነው። የሚያሳስበንም ይኸው ነው። ማውጣትን ትተው መደጋገምን ብቻ የተማሩ ልጆች መድረኩ የታጠፈ ቀን ምንም በእጃቸው አይኖርም።

መ. የምናሳስበው

በከተማ ዝግጅት ማድረግ ይቅር አንልም። ይልቁን አቀራረቡ ይታረም እንላለን። መድረኩ ቀርቶ ጨዋታው በመሬት ላይ በክብ ይሁን፤ እንግዳውም በክቡ ዙሪያ ይቁም። ማጉያው ለመግለጫው ብቻ ይዋል፤ ለዘፈኑ ከበሮና ጭብጨባ ይበቃሉ። ግጥሙን የዝግጅት ክፍል አይጻፍ፤ ሽልማት የሚሰጥ ከሆነ በቦታው ላይ አዲስ ላወጣችው ይሰጥ፤ ዳኞቹም በልጅነታቸው እንግጫ የነቀሉ እናቶች ይሁኑ። ቀኑ ለእንግዳ ምቾት ሲባል ከጳጉሜን አይውጣ፤ የተነቀለውም እንግጫ ወደየቤቱ ይሂድ።

ለእኛ ለተማሪዎችም የሚሆን ድርሻ አለ። ለክረምት ዕረፍት ወደየአገራችን ስንመለስ ግጥሞቹን ከነቦታቸውና ከነቀናቸው፣ ባለቤቶቹን አስፈቅደን፣ የሚነካውን ቃል ሳንሰርዝ ብንጽፋቸው ለተከታዩ ጥናት መሠረት ይሆናል። በጎ በጎውን ብቻ መርጦ መመዝገብ የመድረኩን ስሕተት በወረቀት ላይ መድገም ነው። መምህሮቻችንና ጓደኞቻችን ከዚህ የተለየ አስተያየት ካላቸው፣ በተለይም በየአገራቸው ያዩትን ይዘው ቢያርሙን፣ በደስታ እንቀበላለን።