ሁለቱ ረዘም ያሉ ጥርሶች

ሸዋ ሮቢት ላይ፣ ከደሴ መንገድ ዳር የቀወት ወረዳ ሙቀት እየጋረፈው፣ ሾፌሩ ሞተሩንም ቴፑንም ሳያጠፋ አንዱን ፍላሽ ነቅሎ ሌላውን ይሰካል። ዘፈኑ ወዲያው ይጀምራል። ባየሁት ቁጥር ይደንቀኛል።

የፍላሹን አፍ ቀረብ ብላችሁ እዩት። ከአራቱ ጥርሶች ዳርና ዳር ያሉት ሁለቱ ከመሃለኞቹ 1 ሚሊ ሜትር ያህል ይረዝማሉ። ሲሰካ ኃይል ቀድሞ ይደርሳል፣ መረጃ ይከተላል፤ ሲነቀል መረጃው ቀድሞ ይለቃል። በ1996 እ.ኤ.አ. ይህን መሰኪያ፣ ዩኤስቢን፣ ያወጡት መሐንዲሶች የሰው እጅ እንደሚቸኩል ያውቁ ነበር! ኃይል ከደረሰው በኋላ ፍላሹ በ1.5 ኪሎ ኦም ሬዚስተር አንዱን የመረጃ መስመር ከፍ ያደርጋል፤ «ቤቶች!» ማለቱ ነው። ቴፑም ማንነቱን ጠይቆ፣ ቁጥር ሰጥቶ ያስገባዋል።